በቀን አንድ ፎቶ

ጄሚ ሊቪንግስተን የተባለ የኒውዮርክ ሰው እ.ኤ.አ. ከማርች 31 ቀን 1979 ጀምሮ በፖላሮይድ ካሜራው በየቀኑ አንድ ፎቶ አነሳ። አንድ ብቻ። ለአንድ ስኒ ማኪያቶ ሃያ ፎቶ ለምንደረድር ለእኛ ነገሩ ጾም ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን የምወድለት ይህንኑ ቁጥብነቱን ነው። የፖላሮይድ ፊልም ርካሽ አይደለም፤ ወረቀቱ ከካሜራው ወጥቶ ዓይን እያየው ቀለም ያወጣል፤ አላማረም ተብሎ የሚሰረዝ ነገር የለም። የደበዘዘውም የተንሻፈፈውም የዚያ ቀን ድርሻ ሆኖ ይቀመጣል።

የተነሱት ነገሮች የሚያስገርሙ አይደሉም፦ ጓደኞች፣ የራት ገበታ፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚታይ የቤዝቦል ጨዋታ። አንዱን ብቻ ለብቻው ብታዩት ምናልባት ታልፉት ነበር። ከስድስት ሺህ በላይ ሲሆኑ ግን አንድ ሙሉ ዕድሜ ፊታችን ይዘረጋል፤ ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል፣ ፀጉር ይሳሳል። በ1997 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን) ሆስፒታል ይታያል፤ ወራት ቆይቶ የጋብቻ ቀለበት።

የመጨረሻው ፎቶ የኦክቶበር 25 ነው። በዚያ ቀን 41 ዓመት ሞላው፤ በዚያው ቀን አረፈ።