ቁጥሩ ምን አለ፣ ልጁስ ምን ይችላል?

ሦስተኛ ክፍል እያለሁ ኢቭሁን ተደረገልኝ። ውጤቱ ሲነገር እናቴ አጠገቤ ነበረች፤ አስተርጓሚዋም እኔው ነበርኩ። «ምን አለች?» ስትለኝ «ጎበዝ ነው አለች» ብዬ ዋሸኋት። መርማሪዋ ያለችው ግን ንባቤ ከእኩዮቼ በጣም ዝቅ ማለቱን ነው። ለምን ዝቅ እንዳለ አልተናገረችም፤ እናቴም አልጠየቀች፣ ምኑን ሰምታ ትጠይቅ?

ዘንድሮ ለሴሚናር የፕሮፌሰር ሬኡቬን ፎየርሽታይንን መጽሐፍ ሳነብ ያ ቀን ትዝ አለኝ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የወጣው በ1979 ነው። ጸሐፊው ሮማኒያ ተወልዶ፣ ጄኔቫ ተምሮ፣ እስራኤል ውስጥ በዓሊያት ሃኖዓር በኩል ከመጡ ልጆች ጋር ብዙ ሠርቷል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ልጁን ፈትነው፣ አስተምረው፣ እንደገና ፈትነው። የሚለካው ዛሬ የሚያውቀው ብቻ ሳይሆን፣ ሲታገዝ የሚደርስበት ነው።

ይህ ሐሳብ ለእኛም ጠቅሟል። ዴቪድ ጹሪኤልና ሮኒት ካውፍማን በ1999 ባወጡት ጥናት፣ ከኢትዮጵያ የመጡ የአንደኛ ክፍል ልጆች በመጀመሪያው ፈተና እዚህ ከተወለዱት በታች ነበሩ፤ ከተማሩ በኋላ ግን ልዩነቱ ጠበበ። አንዴ ብቻ ፈትኖ «ይሄ ልጅ አይችልም» ማለት ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ ይታያል።

ሆኖም በመጽሐፉ ላይ ቅሬታ አለኝ። ዋና ዋና መሣሪያዎቹ ቅርጽና ሥዕል ናቸው፤ ነጥቦችን አገናኝቶ ካሬ ማውጣት፣ የጎደለውን ሥዕል ማሟላት። ይህ ልጁ ማሰብ እንደሚችል ያሳያል። እኔ ግን የተላክሁት በንባብ ነው እኮ!

በእኛ ፊደል ለ፣ ሉ፣ ሊ ስንል አናባቢው እዚያው ፊደሉ ላይ አለ። በዕብራይስጥ ግን ልጆች በኒኩድ ማንበብ ይጀምሩና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኒኩዱ ይቀራል። ሳሜኽ፣ ፔ፣ ሬሽ የተጻፈው ቃል ሴፌር ነው ወይስ ሳፓር? መጽሐፍ ነው ወይስ ፀጉር አስተካካይ? ለማንበብ ቃሉን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ቤቱ በአማርኛ የሚወራ ልጅ ሳፓር የሚለውን ሰምቶ ካላወቀ ይደናቀፋል፤ ከውጭ ሲያዩት ዲስሌክሲያ ይመስላል። በሌላ በኩል እውነተኛ ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ «ቋንቋው ነው፣ ይለምደዋል» እየተባለ ዓመታት ያልፉታል፤ በባግሩት ፈተና ሊያገኝ የሚገባው ተጨማሪ ጊዜም ያመልጠዋል። ሁለቱም በደል ነው።

ስለዚህ የፎየርሽታይን ዘዴ ወደ ንባብም ይምጣ እላለሁ። ልጁ ያቃተውን ቃል ትርጉሙን ንገሩት፣ ኒኩድ ጨምሩለት፣ እንደገና ያንብብ። ከተቃናለት የጎደለው የቃላት እውቀት ሊሆን ይችላል። ቃሉን እያወቀ፣ ኒኩዱም እያለ አሁንም ከተቸገረ ግን የንባብ ችግር እንዳለ በጥልቀት ይመርመር። ቤት ውስጥ በአማርኛ እንዴት እንደሚናገርም ወላጆቹ ይጠየቁ፤ ሌላ ሰው እያስተረጎመ፣ ልጁ አይደለም።

የልዩ ትምህርት ሕግ በ2018 ሲሻሻል፣ ልዩ ትምህርት የሚገባው ልጅ ወላጆች የሚማርበትን ማዕቀፍ የመምረጥ መብት አገኙ። ጥሩ ነው። ግን የተባለውን ሳትሰማ እናት ምኑን ትመርጣለች?

ለእናቴ እውነቱን የነገርኳት መጽሐፉን ከጨረስኩ በኋላ ነው። አልተቆጣችም። «ታዲያ ለምን እንደሆነ አልነገረችህም?» ብቻ አለችኝ።