«ማቃጠል» የኦክሲዴሽን አቻ ሊሆን ይችላልን?

በደለል ዐለት ውስጥ የሚገኘውን ኦርጋኒክ ቁስ ሞለኪውላዊ አወቃቀር በኬሚካዊ ኦክሲዴሽን ስለ ማጥናት የሚያትት አንድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ተመልሶ ለአስተያየት ቀርቦልናል። የዐረፍተ ነገሩ አካሄድ ቀና በመሆኑ ተርጓሚው ሊመሰገን ይገባዋል። ይሁን እንጂ በሁለት ቃላት አመራረጥ ምክንያት የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ተዛብቷል።

የመጀመሪያው፣ ኦክሲዴሽን በየቦታው «ማቃጠል» መባሉ ነው። መቃጠል አንድ የኦክሲዴሽን ዐይነት ነው፤ ኦክሲዴሽን ሁሉ ግን መቃጠል አይደለም። ጥናቱ የሚመለከተው ኬሮጅን በኦርጋኒክ አሟሚዎች የማይሟሟ ግዙፍ ቁስ ስለ ሆነ፣ ተመራማሪው ለምርመራ ወደሚያመቹ ቁርጥራጮች ይከፋፍለዋል። ኬሮጅኑ ፈጽሞ ቢቃጠል ካርቦኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሃይድሮጅኑም ውሃ ይሆናል። ከዚህ የንጥረ ነገሮቹን መጠን ማወቅ ይቻል ይሆናል እንጂ እርስ በርስ የተያያዙበትን ሁኔታ ማወቅ አይቻልም።

ከዚህም በላይ አንዱ ኦክሲዴሽን ከሌላው ይለያል። ፖታሲየም ፐርማንጋኔት በአሮማዊ ቀለበት ላይ የተንጠለጠለውን የካርቦን ሰንሰለት ቆርጦ በአመዛኙ ቀለበቱን ያስቀራል፤ ሩቴኒየም ቴትሮክሳይድ በአንጻሩ ቀለበቱን አፍርሶ ሰንሰለቱን በአሲድ መልክ ያስቀራል። ሁለቱም «ማቃጠል» ከተባሉ፣ ተመራማሪው አንዱን ትቶ ሌላውን የመረጠበት ምክንያት ለአንባቢ አይገባም።

ሁለተኛው፣ «በኬሮጅኑ ውስጥ አሲዶች ተገኙ» የሚለው አነጋገር ነው። በአሜሪካ በግሪን ሪቨር ዐለት ኬሮጅን ላይ በተካሄዱ የፐርማንጋኔት ሙከራዎች ቅርንጫፍ የሌላቸው የሰንሰለት አሲዶች ወጥተዋል። ነገር ግን የአሲድነቱ ምልክት የሆነው ካርቦክሲል በአብዛኛው በመቆረጫው ላይ የተፈጠረ እንጂ ቀድሞ በዐለቱ ውስጥ የነበረ አይደለም። «ተገኙ» የሚለው ግሥ የሙከራውን ውጤት የዐለቱ ንብረት ያስመስለዋል። ስለዚህ «ከኬሮጅኑ በኦክሲዴሽን ተፈጠሩ» ቢባል ይሻላል።

ተርጓሚው «ኬሮጅን» የሚለውን ቃል እንዳለ መተዉ ግን ተገቢ ነው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1906 የስኮትላንዱ ኬሚስት አሌክሳንደር ክረም ብራውን ሰምን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል አውጥቶ ሰይሞታል። «ሰም አፍላቂ» ተብሎ ቢተረጎም፣ የአንድን አገር ዐለት ጠባይ ለኬሮጅን ሁሉ ማልበስ ይሆን ነበር።

በኬሮጅን ረገድ የታየው ይህ ጥንቃቄ ለኦክሲዴሽንም ይገባ ነበር። የባዕድ ቃል እንግድነት በመዝገበ ቃላት ፍች ይቃለላል፤ ያለ ቦታው የገባ አገርኛ ቃል ግን ማንም ሳይጠረጥረው ያልፋል። ስለሆነም «ኦክሲዴሽን» እንዳለ ቢያዝ፣ ግሡ «ኦክሲዴሽን ማካሄድ» ቢባል፣ «ማቃጠል» ደግሞ ለእሳቱ ብቻ ቢጠበቅ መልካም ነው እንላለን።