ፕራግን ስንጎበኝ ምን እናያለን?

ከእስራኤል ተነሥተው ለጥቂት ቀናት ጉብኝት ወደ አውሮፓ የሚሄዱ ቤተሰቦች አዘውትረው ከሚመርጧቸው ከተሞች አንዷ የቼክ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ፕራግ ናት። ከቤን ጉርዮን አውሮፕላን ማረፊያ አራት ሰዓት ያህል በመብረር ይደረሳል። ከማኅበረሰባችንም ለዓመታት ሠርተው ባጠራቀሙት ገንዘብ፣ ወይም ልጃቸው ከሠራዊት አገልግሎት ሲመለስ፣ እንዲህ ላለው ጉዞ የሚነሡ ቤተሰቦች አሉ። የጉዞ ወኪሉም ትኬቱን ሲሰጣቸው «መታየት ያለባቸው ቦታዎች» የሚል አንድ ወረቀት ይጨምርላቸዋል። ወረቀቱ ከወኪል ወደ ወኪል ብዙም አይለያይም፦ ትልቁ ድልድይ፣ የአደባባዩ ሰዓት፣ በኮረብታው ላይ ያለው ቤተ መንግሥት፣ በመጨረሻም ጊዜ ከተረፈ የአይሁድ ሰፈር።

ይህ ጽሑፍ ያንን ወረቀት ለመድገም ሳይሆን ለመመርመር የቀረበ ነው። ወረቀቱ ውሸት አይናገርም፤ የሚጠራቸው ቦታዎች ሁሉ በእርግጥ ያምራሉ። ጉድለቱ ሁሉንም በአንድ ሚዛን ማስቀመጡና ዓይን የሚማርከውን ብቻ ማስቀደሙ ነው። ፕራግ ግን የምትታይ ብቻ ሳትሆን የምትነበብ ከተማ ናት። ከሚነበበውም ከፊሉ በዕብራይስጥ ፊደል የተጻፈ ስለሆነ፣ ልጆቻችንም ሆኑ በኡልፓን ፊደል የቆጠርነው እኛ፣ ሌላው ጎብኚ የማያየውን ለማየት እንችላለን።

ከቤተ መንግሥቱ እንጀምር፤ ስለ እርሱ ወረቀቱ የሚለው ይበቃልና። በግቢው ውስጥ ያለው የቅዱስ ቪቱስ ካቴድራል ሥራው በ1344 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ የተጠናቀቀው በ1929 ነው፤ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስድስት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ግንባታ ነው ማለት ነው። የነገሥታትን ኃይልና የግንበኞችን ትዕግሥት ለልጆች ለማሳየት ጥሩ ቦታ ነው፤ ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

በአሮጌው ከተማ አደባባይ ያለው ሰዓት ሥራው ከ1410 የሚጀምር፣ የፀሐይንና የጨረቃን ጉዞ የሚያሳይ የጥበብ ሥራ ነው። ሰዓት በሞላ ቁጥር የሐዋርያት ምስሎች በመስኮት ብቅ ይላሉ፤ የሞት ምሳሌ የሆነው አጽምም ደወሉን ይደውላል። ሕዝቡ አንጋጦ ያያል፣ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ ይበተናል። ከምስሎቹ መካከል ግን የገንዘብ ከረጢት የያዘ አንድ ሰው አለ። ዛሬ «ስስታሙ» ይባላል። ቀድሞ የተቀረጸው አይሁዳዊ አራጣ አበዳሪ ተደርጎ ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መልኩ ተስተካክሎ ስሙም ተለወጠ። ስድቡ መነሣቱ መልካም ነው። ነገር ግን የጉዞው ወረቀት ስድቡ እንደነበረ እንኳ ስለማይናገር፣ ያንን ብቻ ይዞ የሚሄድ ልጅ ከተማዋ ለሁሉም ሰው ደግ ሆና የኖረች መስሎት ይመለሳል።

በዚህ ረገድ ድልድዩ ከሰዓቱ ይሻላል። የቻርልስ ድልድይ ሥራው በ1357 የተጀመረ፣ 516 ሜትር ርዝመት ያለውና በግራና ቀኝ 30 ሐውልቶች የተደረደሩበት ነው። ከእነዚህ አንዱ የስቅለት ሐውልት ሲሆን፣ በዙሪያው በወርቅ የተለበጡ ትልልቅ የዕብራይስጥ ፊደላት ይታያሉ። ቃሉ ከነቢዩ ኢሳይያስ መጽሐፍ የተወሰደ፣ በየቀኑ በጸሎታችን ውስጥ የምንለው የቅድስና ቃል ነው። እንዴት እዚያ ወጣ? በ1696 ኤልያስ ባኮፈን የተባለ የፕራግ አይሁዳዊ መስቀሉን ተሳድቧል ተብሎ ተከሰሰና በቅጣት ከከፈለው ገንዘብ ፊደላቱ ተሠሩ። ሕዝቡ በየቀኑ በሚያልፍበት መንገድ ላይ የገዛ ጸሎቱ ማዋረጃ ሆኖ ተሰቀለበት ማለት ነው። በ2000 ግን ከሐውልቱ ሥር ነገሩን የሚያስረዳ ጽሑፍ ተደረገ፤ ከቋንቋዎቹም አንዱ ዕብራይስጥ ነው። ፊደላቱን አልነቀሉም፤ ታሪኩንም አልሸሸጉም። በእኔ አስተያየት ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ልጆቻችሁ እዚህ ሲደርሱ ቆም አድርጓቸው፤ ፊደላቱን ራሳቸው ያንብቡ፤ ከዚያ በኋላ ታሪኩን ንገሯቸው።

አሁን ወረቀቱ በመጨረሻ ወዳስቀመጠው ሰፈር እንሂድ። የአይሁድ ሰፈር ዮሴፎቭ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በ1781 ለአይሁድ ጥቂት ነጻነት ከፈቀደው ከንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ 2ኛ ነው። የእርሱ እናት ማሪያ ቴሬዛ ደግሞ በ1744 አይሁድ ከፕራግ እንዲባረሩ ያዘዘች ነበረች፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን እንዲመለሱ ተፈቀደላቸው። በ1893 በወጣ ሕግ መሠረት አሮጌዎቹ ቤቶችና ጠባቦቹ መንገዶች ለንጽሕና ሲባል ፈርሰው በቦታቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች ተሠሩ። የቀሩት ስድስት ምኩራቦች፣ የማኅበረሰቡ ማዘጋጃ ቤትና የመቃብሩ ስፍራ ናቸው። ዛሬ በሰፈሩ መካከል የሚያልፈው የፓሪስ ጎዳና የውድ ልብስና የውድ ጫማ መደብሮች መንገድ ነው።

አሮጌ አዲስ የሚባለው ምኩራብ የተሠራው በ1270 ገደማ ሲሆን እስከ ዛሬ ድረስ ይጸለይበታል። ዝቅ ያለ በር፣ ወፍራም ግንብ፣ ጥቂት ብርሃን፤ ጌጥ የለውም፣ ጌጥም አያስፈልገውም። በአጠገቡ ባለው ማዘጋጃ ቤት ላይ ቁጥሮቹ የዕብራይስጥ ፊደላት የሆኑ፣ እጆቹም ወደ ኋላ የሚዞሩ ሰዓት አለ፤ ልጆች ይወዱታል። ወረቀቱ ግን ስለዚህ ምኩራብ የሚያወራው ራቢ ይሁዳ ሎው ከጭቃ ሠሩት ስለሚባለው ጎሌም ነው። በ1609 ያረፉት እኚህ ታላቅ ሊቅ ብዙ መጻሕፍት የጻፉ ሲሆኑ፣ ሱቆቹ የሚሸጡት የጭቃውን አሻንጉሊት ነው። ተረቱ ተረት ነው፤ ይነገር። ነገር ግን ሊቁ በተረቱ ሲሸፈኑ ዝም ማለት አይገባም።

ከሁሉ በላይ ልትቆዩበት የሚገባው የፒንካስ ምኩራብ ነው። በውስጡ ግድግዳው ሁሉ ስም ነው። ከቦሔሚያና ከሞራቪያ ተወስደው በሾዓ የተገደሉ ወደ 80,000 የሚጠጉ አይሁድ በየከተማቸውና በየቤተሰባቸው ተጽፈዋል። ሐውልት የለም፤ የሚያስለቅስ ሙዚቃ የለም፤ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ በሕይወት መኖሩ ለመጨረሻ ጊዜ የታወቀበት ቀን፣ ይኸው ነው። ሠዓሊዎቹ ቫትስላቭ ቦሽቲክና ይርዢ ዮን ከ1954 እስከ 1959 በእጃቸው ጻፉት። በ1968 የከርሰ ምድር ውኃ መሠረቱን ስላበላሸው ተዘጋ። ጥገናውም በኮሚኒስቱ መንግሥት ዘመን ሆን ተብሎ ሲጓተት ቆየ፤ ጽሑፉም ከግድግዳው ተነሣ። እነዚያ ሰዎች ሁለተኛ ጊዜ ጠፉ ማለት ይቻላል። መንግሥቱ ከተለወጠ በኋላ ከ1992 እስከ 1996 ስሞቹ አንድ በአንድ እንደገና ተጻፉ።

በዚሁ ሕንጻ ላይኛው ክፍል በቴሬዚን የታሰሩ ልጆች የሣሏቸው ሥዕሎች ይታያሉ። ያስተማረቻቸው ሠዓሊት ፍሪድል ዲከር-ብራንዳይስ በ1944 በኦሽዊትዝ ተገደለች፤ 4,500 ያህል ሥዕሎች ግን ተርፈዋል። ቤት፣ አበባ፣ ቢራቢሮ፣ የተዘረጋ ገበታ፤ ማንኛውም ልጅ የሚሥለው ነው። ክብደቱም ከዚያ ይመጣል።

ስለ ሙዚየሙ ራሱ አንድ ነገር ልበል። ብዙ አስጎብኚዎች «ናዚዎች የጠፋ ዘር ሙዚየም ሊያቋቁሙ ዕቃውን ሰበሰቡ» እያሉ ይተርካሉ። ታሪክ አጥኚዎች ይህን አባባል ይጠራጠሩታል። የሚታወቀው ከዚህ የበለጠ የሚያስከብር ነው። ሙዚየሙን በ1906 የመሠረቱት ሰሎሞን ሁጎ ሊበንና ጓደኞቹ ከሚፈርሱት ምኩራቦች ንዋየ ቅድሳቱን ለማዳን ነበር። በ1942ም ከየከተማው የተባረሩትን ማኅበረሰቦች ንብረት አሰባስበው ያንን ሁሉ መጋረጃ፣ የኦሪት ጥቅልና ብር የመዘገቡት የሙዚየሙ አይሁድ ሠራተኞች ናቸው፤ አብዛኞቹም ራሳቸው ተወስደው ተገደሉ። በ1950 መንግሥት የወረሰው ሙዚየም በ1994 ለአይሁድ ማኅበረሰብ ተመለሰ። ያዳነው ማን እንደሆነ ሲነገር ሥራው ለባለቤቱ ይሰጥ።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ከጎንደር በስተሰሜን ያለችውን ወለቃን የሚያውቅ ሁሉ ባለቤቶቹ ከሄዱ በኋላ ጎብኚ እየቆመ የሸክላ ምስል የሚገዛባት መንደር እንደሆነች ያውቃል። ልዩነቱ ግን ሊዘነጋ አይገባም፦ የወለቃ ሰዎች በእግራቸው ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ፤ የፕራግ ሰዎች ግን በባቡር ተጭነው ወደ ሞት ተወሰዱ። የሆነ ሆኖ ሰፈር ሰዎቹ ሲለዩት የሚታይ ዕቃ ይሆናል፤ ዕቃው ደግሞ ስም ካልተጻፈበት የማንም ይሆናል። በሱዳን መንገድ ለሞቱት ወገኖቻችን በሄርጽል ተራራ በ2007 መታሰቢያ ተመርቋል፤ ቁጥራቸውም 4,000 ያህል እንደሚሆን ይገመታል። ስማቸው በእናቶቻችንና በአባቶቻችን አፍ ላይ ነው። አፍ ደግሞ ግድግዳ አይደለም፤ አንድ ቀን ይዘጋል።

ለሚሄዱት ጥቂት ማሳሰቢያ፦ ሙዚየሙ በሰንበትና በአይሁድ በዓላት ይዘጋል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከተጀመረው አሮጌ መቃብር 12,000 ያህል የመቃብር ድንጋዮች ተደራርበው ይታያሉ፤ ወደ መቃብር መግባት የማይወዱ ሽማግሌዎች ከእናንተ ጋር ካሉ አስቀድማችሁ ተመካከሩ። መንገዱ ድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ የልጅ ጋሪ ያስቸግራል። የወረቀቱንም ቅደም ተከተል ገልብጡት፤ ጧት ሰው ሳይበዛ በፒንካስ ጀምሩ፣ ድልድዩን ከሰዓት በኋላ፣ ሰዓቱን በመጨረሻ እዩ።

ስትመለሱም ፎቶግራፉን ለአያቶች ከማሳየታችሁ ጋር አንድ ደብተር ይዛችሁ ቅረቡ። የማን ልጅ፣ ከየት መንደር፣ በየትኛው ቦታ እንደቀረ ጠይቁና ጻፉ። ያኔ ጉብኝቱ ዋጋውን ከፈለ ይባላል።