የክረምት ጎርፍና የድልድይ መሠረት ምርመራ በቦርከና ሸለቆ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይሄዳል፤ የቦርከና ወንዝም ከዚያው ከፍታ ድንጋይ፣ ጠጠርና አሸዋ ጠርጎ ወርዶ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ሸክሙን እያራገፈ በጨፋ በኩል ወደ አዋሽ ያመራል። የድልድይ መሠረትን ደኅንነት የሚመዝን ባለሙያ ሥራውን ከዚህ መጀመር አለበት፤ ምክንያቱም ዳገቱ ቅርብ በመሆኑ በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ከጣለ በኋላ ደራሽ ጎርፉ ድልድዩ ዘንድ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም፤ የወንዙ ወለልም ውሃ ሊያንቀሳቅሰው የሚችል ጠጠርና አሸዋ በመሆኑ፣ ጎርፉ ከላይ ከፍ ሲል ወለሉ ከሥር ዝቅ ይላል።

ይህ የወለል መውረድ መቦርቦር ይባላል፤ ይኸውም ውሃው በምሰሶው ሥርና በሁለቱ የዳር ግንቦች ዙሪያ ያለውን አፈር ጠርጎ መሠረቱን ያለ ድጋፍ ማስቀረቱ ነው። መቦርቦር ከሦስት ምንጮች ይመጣል፦ ወንዙ በብዙ ዓመታት ወለሉን በረጅም ርቀት ዝቅ ሲያደርግ፣ ሰፊው ጎርፍ በጠባቡ የድልድይ አፍ ለማለፍ ሲፋጠን፣ እንዲሁም ምሰሶውን ፊት ለፊት የሚመታው ውሃ ወደ ታች ታጥፎ በአዙሪት ሲቆፍር። ሦስቱ ስለሚደመሩ አንዱን አስልቶ ሌላውን መተው ስሌቱን ከንቱ ያደርገዋል። የውሃው አቅጣጫም ከመጠኑ ያላነሰ ያስፈራል፤ ርዝመቱ የስፋቱን 8 እጥፍ የሆነ ምሰሶ ጎርፉ በ15 ዲግሪ ብቻ አግድሞ ቢመታው፣ በምሰሶው ሥር የሚቆፈረው ጉድጓድ በተለመደው ስሌት ወደ ሁለት እጥፍ ይጠልቃል። በሸክሙ ላይ እየተከፋፈለ መስመሩን የሚቀያይር ወንዝ ደግሞ ድልድዩ ሲሠራ የነበረውን አቅጣጫ ይዞ ለመቆየቱ ዋስትና የለም፤ ግንድና ጭራሮ ምሰሶው ላይ ሲከማችም ምሰሶው ለውሃው የሰፋ ያህል ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚያሻው ግን ጉድጓዱ የሚደበቅ መሆኑ ነው። ጎርፉ ጣሪያ ሲነካ ጉድጓዱም ይጠልቃል፤ ውሃው መጉደል ሲጀምር ግን ከላይ የሚመጣው አሸዋ መልሶ ይሞላዋል፤ ስለዚህ በማግስቱ ድልድዩ ሥር የቆመ ሰው የሚያየው ደልዳላ ወለል ነው። ሙሌቱ እንደ ቀድሞው መሬት የተጠቀጠቀ ስላልሆነ ለመሠረቱ ያን ያህል ድጋፍ አይሰጥም፤ የሚቀጥለው ጎርፍም በቀላሉ ያነሣዋል። ይህን ለመለየት በበጋ፣ ውሃው ሲያንስ፣ የብረት ዘንግ በምሰሶው ዙሪያ ይወጋል፤ ዘንጉ በእጅ ግፊት ያለ ችግር እየሰመጠ ሄዶ ድንገት ገትሮ የሚቆምበት ጥልቀት ያለፈው ጉድጓድ ወለል ሊሆን ይችላል። መሠረቱ ራሱም ይናገራል፤ ተቀብሮ እንዲኖር ታስቦ ሳይለሰን የቀረው ሻካራ ኮንክሪት፣ የተሞላበት የጣውላ ቅርጽ መስመር ሳይጠፋ ከውጭ ከታየ፣ አንድ ጊዜ ሸፍኖት የነበረው አፈር ሄዷል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 1987 በኒው ዮርክ ግዛት የወደቀው የስኮሀሪ ክሪክ ድልድይ ይህን ቸል የማለት ዋጋ ያሳያል። ምሰሶዎቹ በጥልቀት በተተከለ ዓምድ (ፓይል) ላይ ሳይሆን በአፈር ላይ በተዘረጋ መሠረት የቆሙ ሲሆኑ፣ ዙሪያቸውን ይጠብቅ የነበረው የተከመረ ድንጋይ በዓመታት ጎርፍ ተወስዶ ነበር፤ በአንድ ጎርፍ ምሰሶው ሲሰምጥ 10 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ በውሃ ላይ ያሉ ድልድዮች ሁሉ ለመቦርቦር ያላቸው ተጋላጭነት እንዲገመገም ተደርጓል።

እንግዲህ በጎርፉ ሰዓት ምን ይቻላል? ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ከባድ ብረት በገመድ አስሮ ከድልድዩ ላይ ወለሉን መለካት የቆየ ዘዴ ቢሆንም ኃይለኛ ፍሰት ገመዱን ጎትቶ ልኬቱን ያዛባል፤ በድምፅ ሞገድ ጥልቀት የሚለካው ሶናርም በደለልና በአረፋ በተሞላ ውሃ ይሳሳታል። የመከታው መስመር መጉበጥ፣ የመጋጠሚያው ክፍተት መስፋት፣ ወደ ድልድዩ በሚያስገባው ሙሌት ላይ ስንጥቅ መታየት ድልድዩ ወዲያው እንዲዘጋ የሚያዝዙ ምልክቶች ናቸው፤ ይሁን እንጂ በጥልቀት ያልተመሠረተ ምሰሶ አንዳቸውንም ሳያሳይ ሊወድቅ ስለሚችል ምልክትን መጠበቅ በቂ አይደለም። ስለዚህ የመዝጊያው ውሳኔ በበጋ መወሰን አለበት፦ የመሠረቱ ጥልቀት ከንድፉ ተፈትሾ፣ የሚጠበቀው መቦርቦር ተሰልቶ፣ ውሃው ሲደርስበት ትራፊክ የሚቆምበት ከፍታ በምሰሶው ላይ በቀለም ተሰምሮ፣ ማን እንደሚዘጋና ተሽከርካሪው በየት እንደሚዞር ተጽፎ። አዲስ አበባን ከሰሜኑና በባቲ በኩል ከሚሌ የሚያገናኙት መንገዶች በሚገናኙበት ኮምቦልቻ የመዝጋት ጫና ከባድ ነው፤ በሌሊት ዝናብ ውስጥ የቆመ አንድ ተረኛ ያን ሸክም ብቻውን እንዲሸከም መተው ለእርሱም ለተጓዡም ፍትሐዊ አይደለም።

በንድፍ ላይ የሚጠቀሰው የ100 ዓመት ጎርፍም በየዓመቱ 1 በመቶ ዕድል ያለው ጎርፍ ማለት ነው እንጂ በመቶ ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ ማለት አይደለም፤ በ50 ዓመት የድልድይ ዕድሜ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመከሰት ዕድሉ 40 በመቶ ያህል ነው።

ከድልድይ በላይና በታች አሸዋ ማውጣትም በመቦርቦር ስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት፤ ከታች የተቆፈረ ጉድጓድ ወለሉን ወደ ላይ እየናደ እስከ ምሰሶው ሊደርስ ይችላልና። እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 2001 በፖርቱጋል የወደቀው የሂንትዜ ሪቤይሮ ድልድይ 59 ሰዎች የሞቱበት ሲሆን፣ ለዓመታት የተካሄደው የአሸዋ ማውጣት ለአደጋው ምክንያት ከተባሉት አንዱ ነው። ግንባታ በሚስፋፋባቸው በደሴና በኮምቦልቻ የአሸዋ ፍላጎት ስለማይቀር፣ ክልከላው በየትኛው ርቀት እንደሚጀምር በየድልድዩ ተለክቶ መወሰን ይገባዋል።

ለነባር ድልድዮች የተለመደው መከላከያ ጋቢዮን፣ ማለትም በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ ነው። ጥቅሙ የማይካድ ቢሆንም ጠጠር የሚያንከባልል ወንዝ ሽቦውን እየፋቀ ይበጥሰዋል፤ ጠርዙም ከሚጠበቀው መቦርቦር በታች ካልወረደ ከሥሩ ተቦርቡሮ ይገለበጣል። ስለዚህ በየበጋው፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ የሽቦው ሁኔታና የጠርዙ ጥልቀት ከምሰሶው ጋር አብረው ይለካሉ፤ ልኬቱም ካለፈው ዓመት ጋር ጎን ለጎን ይመዘገባል።