ጥሩ ምሳሌ በምን ይታወቃል?

አንድ የልብስ መደብር የደንበኞቹን አስተያየት ምስጋና፣ ቅሬታና ጥያቄ ብሎ እንዲለይለት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳትን አዘዘ እንበል። ትእዛዙ ብቻውን ሲሰጥ ረዳቱ አንዱን በአንድ ቃል፣ ሌላውን በአንድ አንቀጽ ሊመልስ ይችላል። መልሳቸው አብሮ የተጻፈ ሦስት አራት ምሳሌዎች ሲታከሉበት ግን መልሱ መልክ ይይዛል። ኦፕንኤአይ በ2020 እ.ኤ.አ. ስለ ጂፒቲ-3 ባወጣው ጥናት ሞዴል ከጥቂት ምሳሌ ሥራን የመረዳት ችሎታ እንዳለው በሰፊው አሳይቷል፦ 175 ቢሊዮን ፓራሜትር ያለው ሞዴል እንደገና ሳይሠለጥን፣ በጥቂት ምሳሌዎች ብቻ ብዙ ዓይነት ሥራ ሠርቷል።

ምሳሌ መደርደር ለማንም አይከብድም። የአዘጋጁ ችሎታ የሚታየው በምርጫው ነው።

ዐዋቂ ዓይን መጀመሪያ የሚፈልገው አስቸጋሪውን ምሳሌ ነው። «ዕቃው በሰዓቱ ደረሰኝ፣ ተባረኩ» ምስጋና መሆኑን ሞዴሉ ያለ ምሳሌም አያጣውም። «ለፋሲካ ያዘዝኩት ቀሚስ ለዳግማ ትንሣኤ ደረሰልኝ፣ ተባረኩ!» የሚለው ግን ቅሬታ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ «ተባረኩ» ብቻውን ምልክት እንደማይሆን ያሳያሉ። እንዲህ ያለ ጥንድ ከአሥር ቀላል ምሳሌ ይበልጣል።

ቀጥሎ የሚታየው ሳይታሰብ የገባ መመሳሰል ነው። ቅሬታዎቹ ሁሉ ረጃጅም፣ ምስጋናዎቹ ሁሉ አጫጭር ከሆኑ ሞዴሉ ርዝመትን እንደ መለያ ሊወስድ ይችላል።

ቁጥርና ቅደም ተከተልም ይመዘናሉ። በ2021 በጂፒቲ-3 ላይ የተሠራ ጥናት ሞዴሉ በምሳሌዎቹ ውስጥ ወደበዛው መልስና መጨረሻ ላይ ወዳየው መልስ እንደሚያደላ አሳይቷል። ስለዚህ አራት ቅሬታ ተደርድሮ አንድ ምስጋና ጣል የተደረገበት ስብስብ ገና ከማለዳው አዘንብሏል። ብዛትን በተመለከተ የክሎድ ሠሪ አንትሮፒክ የሚመክረው ከ3 እስከ 5 የተለያዩ ምሳሌዎችን ነው።

በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አስገራሚ ነገር ይዞ መጣ። በምሳሌዎቹ ላይ ያሉት ትክክለኛ መልሶች በዘፈቀደ ሲቀየሩ የተፈተኑት ሞዴሎች ውጤት ብዙም አልወረደም፤ የአቀራረቡ ቅርጽ፣ የመልሶቹ ዝርዝርና የጽሑፉ ዓይነት ግን ክብደት ነበራቸው። የተሳሳተ ምሳሌ ይፈቀዳል ማለት አይደለም። ሆኖም አንዱ ምሳሌ «ቅሬታ»፣ ሌላው «አቤቱታ» ካለ፣ አንዱ በነጥብ ሌላው ያለ ነጥብ ካበቃ፣ ዝርክርክነቱ ወደ መልሱ ይሻገራል።

ስብስቡን ያዘጋጀ ሰው ከመጠቀሙ በፊት በምሳሌዎቹ ውስጥ የሌሉ አስተያየቶችን ለሞዴሉ ይስጥ፤ ከዚያም የምሳሌዎቹን ቅደም ተከተል ገልብጦ ይድገመው። ቅደም ተከተሉ በመገልበጡ ብቻ መልሱ ከተለዋወጠ ምሳሌዎቹ ገና አልበሰሉም።