ዘንባባ የመሰለኝ ጉድ

ፈርን ዛፍ ይሆናል! ይህን ሳላውቅ እዚህ ዕድሜ ላይ መድረሴ ይቆጨኛል። የዶዮገና ልጅ ነኝ፤ ፈርን ማለት ለእኔ ምንጭ ዳር የሚበቅል፣ ከጉልበት የማያልፍ ቅጠል ነበር። ቦንጋ አካባቢ ደን ውስጥ፣ ጅረት ዳር፣ አናቱ ላይ ዣንጥላ የዘረጋ ረጅም ግንድ ሳይ «ዘንባባ!» ብዬ ጮህኩ። መንገድ የሚያሳየን ልጅ ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ እስቲ ቅጠሉን ገልብጠው ይዩት።»

ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ በረድፍ ተሰድሯል፤ ስነካው ጣቴ ላይ እንደ ተፈጨ ቡና ቀረ። አበባ የለው፣ ፍሬ የለው፣ ዘር የለው! የሚራባው በዚያች ብናኝ ነው። ብናኟ ከምታበቅላት ጥፍር የማታህል ቅጠል ላይ የወንዴው ሕዋስ ሴቴዋ ዘንድ የሚደርሰው በውሃ ዋኝቶ ነው፤ ለካ ጅረቱን የሙጥኝ ያለው ወዶ አይደለም! ሳይንሱ ሲያቴያ ማኒያና ይለዋል። የፈርን ወገን ምድር ላይ ከ350 ሚሊዮን ዓመት በላይ ኖሯል። ያኔ አበባ የሚባል ነገር አልነበረም።

ዘንባባችን ፎኒክስ ሬክሊናታ ግን የቴምር ዘመድ ነው፤ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ይቆማሉ፣ ሴቷ ፍሬ ታንዠረግጋለች። የጎረቤታችን ከተማ የሆሳዕና ስም እኮ የዘንባባው በዓል ስም ነው! ልጅ ሆኜ በበዓሉ ቅጠሉን ሰንጥቄ የጣት ቀለበት እሠራ ነበር። በፈርኑም ሞከርኩ፤ እጄ ላይ ብጥስጥሱ ወጣ።

ያሳበደኝ ግን የቅጠሉ አወላለድ ነው። የፈርኑ ቅጠል ከጫፉ እንደ ቀንድ አውጣ ተጠቅልሎ ይወጣና ቀስ እያለ ይፈታል። የዘንባባው እንደ ጦር ቀጥ ብሎ፣ ታጥፎ ይወጣል። ቤት ስመለስ ጓሯችን ገብቼ እንሰቱን አየሁት፤ መሀሉ ላይ አዲሱ ቅጠል እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ ቆሟል። ስንት ዓመት አጠገቡ አልፌያለሁ! ደግሞ ጉዱ፣ ያ ዘንባባ መሳይ ፈርን ለዘንባባ ባዳ ነው፤ የዘንባባው የሥጋ ዘመድ የእኛው እንሰት ነው። ሁለቱም ከሣርና ከሽንኩርት ጋር በአንድ ትልቅ ወገን ይቆጠራሉ።

እየሮጥኩ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። እንሰቱን መፋቋን ሳታቆም አዳመጠችኝ።

«ታዲያ ዘንባባው ቆጮ ይወጣዋል?» አለችኝ።