የስማይልስ «የመሐንዲሶች ሕይወት» ለመሐንዲስነት ምን ያህል ይመራል?

መሐንዲስ ለመሆን የሚሻ ወጣት ሥራውን ከወዴት ይጀምር? ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሰጡት መጻሕፍት መካከል በሰፊው የታወቀው የስኮትላንዳዊው ደራሲ የሳሙኤል ስማይልስ «የመሐንዲሶች ሕይወት» ነው። መጽሐፉ መታተም የጀመረው በ1861 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መልካምነቱንና ጉድለቱን በየተራ እንመለከታለን።

መጽሐፉ የሚተርከው ከዝቅተኛ ኑሮ ስለ ተነሡ ሰዎች ነው። ቶማስ ቴልፎርድ የእረኛ ልጅ ሲሆን ድንጋይ ጠራቢ ሆኖ ጀምሮ ታላላቅ ድልድዮችን ሠራ። ጆርጅ ስቲቨንሰን በድንጋይ ከሰል ማውጫ ሲሠራ አድጎ ማንበብ የተማረው በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ደራሲው ከነዚህ ታሪኮች የሚያወጣው ትምህርት አንድ ነው፤ ይኸውም ትዕግሥትና ትጋት ሁሉን ያሸንፋሉ የሚል ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ላደግን ይህ ምክር እንግዳ አይደለም። ከዚህም በላይ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋንም ጭምር በስድብ ስም ስትጠራ ለኖረች አገር የእጅ ሥራን የሚያከብር መጽሐፍ ትልቅ ጥቅም አለው።

ዳሩ ግን ስማይልስ ጠባይን ብቻውን በቂ አድርጎ ማቅረቡን አንቀበለውም። የመጀመሪያው ማስረጃችን ከራሱ ከመጽሐፉ ይገኛል። ስቲቨንሰን ያለ ትምህርት ቤት ቢያድግም ልጁን ሮበርትን ያለ ትምህርት ቤት አላሳደገም። በኒውካስል አስተማረው፤ ኋላም ወደ ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ላከው። ልጁ የተማረውን አባቱ ከልጁ ይማር ነበር። በ1829 በሬይንሂል ውድድር ያሸነፈው «ሮኬት» የተባለው ባቡርም የሁለቱ ድካም ፍሬ ነው። እንግዲህ ስማይልስ ስለ አባትየው ከሚሰጠው ፍርድ ይልቅ አባትየው ለልጁ ያደረገው ይበልጥ ያስተምረናል።

ሁለተኛው ማስረጃ ከዚህ የከበደ ነው። በግንቦት 1847 በቼስተር አጠገብ፣ በዲ ወንዝ ላይ ሮበርት ራሱ የነደፈው የብረት ድልድይ ከባቡሩ ጋር ተደርምሶ አምስት ሰዎች ሞቱ። ሮበርት ሰነፍ አልነበረም፤ ትጋቱንም ስማይልስ ራሱ ይመሰክርለታል። የጎደለው ከቀለጠ ብረት የተሠራ ረጅም ተሸካሚ ጭነት ሲያርፍበት እንዴት እንደሚሆን በቂ ዕውቀት ነው። ይህን ጉድለት ትጋት ብቻውን ሊሞላው አይችልም።

ታዲያ ሁሉ ነገር በመማሪያ ክፍል ይፈጸም ማለታችን ነውን? አይደለም። ስማይልስ ስለ ትጋት የጻፈው ሌላው መጽሐፉ በ1871 ወደ ጃፓንኛ ተተርጉሞ እጅግ ተነቧል። ጃፓኖች ግን በማንበብ ብቻ አልቆሙም። በ1873 ገና ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ስኮትላንዳዊ ሄንሪ ዳየር የቶኪዮውን የምሕንድስና ኮሌጅ እንዲመራ ተሾመ። ትምህርቱ ስድስት ዓመት ነበር፤ ሁለቱ ለመሠረታዊ ትምህርት፣ ሁለቱ ለልዩ ሙያ፣ ሁለቱም በሥራ ቦታ ለመለማመድ። ከዚህ ኮሌጅ በ1883 የተመረቀው ታናቤ ሳኩሮ የመመረቂያ ጽሑፉን የጻፈው የቢዋን ሐይቅ ውሃ ወደ ኪዮቶ ከተማ ስለሚያመጣ ቦይ ነው። የኪዮቶ አገረ ገዥም ሥራውን ለዚሁ ወጣት ሰጠው። ቁፋሮው በ1885 ተጀምሮ ቦዩ በ1890 ተፈጸመ።

እኛም የልምምድ ጊዜና የመመረቂያ ጽሑፍ አለን። ነገር ግን ልምምዱ በወረቀት ላይ በሚታተም ማኅተም፣ ጽሑፉም በመደርደሪያ ላይ የሚያበቃ ከሆነ ስሙ እንጂ ነገሩ የለንም። ስለዚህ ምሕንድስናን የመረጠ ጓደኛችን ለጽሑፉ የሚሆነውን ጥያቄ ከሚያውቀው ወንዝ፣ ከሚያውቀው ወፍጮ ወይም መንገድ ይውሰድ፤ በእግሩ ሄዶ ይለካ፤ ስሌቱን ለመምህሩ፣ አሠራሩን ደግሞ ለግንበኛውና ለብረት ሠራተኛው አቅርቦ ያስመርምር። መሐንዲስ የሚለው ቃል በዐረብኛ በኩል ሲደርሰን ሥሩ መለኪያ ማለት የሆነ የፋርስ ቃል ነው።

የስማይልስ መጽሐፍ ይነበብ እንላለን፤ መጀመሪያ ይሁን እንጂ መጨረሻ አይሁን። ተግቶ መሥራትን ያስተምራል፤ የሠሩት ድልድይ ሸክሙን መቻሉን ማረጋገጥ ግን ከሌላ ስፍራ የሚገኝ ዕውቀት ነው።